አብሽሪ አሉኝ

ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «ራሱን የተጠራጠረ ሰው ዓላማውን ቢቀይር ይሻላል» ብለዋል። እኔ አልስማማም። ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሸሸን። ስንመለስ የስፌት መኪናዬ የለም። መቀሴን ብቻ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ አገኘሁት። ለወራት «ከእንግዲህ አይሆንልኝም» እያልኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ የስፌት መኪና ተከራየሁ። የመጀመሪያዋን ቀሚስ ዚፕ ሦስት ጊዜ ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤቴ እማማ ቡና እየቀዱ «አብሽሪ ልጄ! እጅሽ አልረሳም፣ የፈራው ልብሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ፣ እንዳይጨማደድ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ ኮምቦልቻ አስረክቤያለሁ። ጥርጣሬው ዛሬም አዲስ ጨርቅ ስዘረጋ ይመጣል። እሱም ይምጣ፣ እኔም እቆርጣለሁ።