በሕፃናት መድረሳ ግድግዳ ላይ የእንስሳት ሥዕል ይፈቀዳል?

ለክርክሩ መነሻ የሆነው በባሕር ዳር ለአንድ መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) የቀረበ ሐሳብ ነው፦ የሕፃናቱ ክፍል ግድግዳ ላይ የዐረብኛ ፊደላት ከእንስሳት ሥዕል ጋር ይሣሉ፤ ከአሊፍ ጎን አንበሳ (አሰድ)፣ ከጂም ጎን ግመል (ጀመል)። አንድ ኡስታዝ ይቃወማሉ፤ አንዲት ወላጅ ይደግፋሉ።

ኡስታዙ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ ባለቤታቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ) የሰቀሉትን ባለ ሥዕል መጋረጃ ቀድደው፣ በትንሣኤ ቀን እጅግ ብርቱ ቅጣት የሚያገኛቸው የአላህን ፍጥረት የሚያስመስሉ መሆናቸውን እንደተናገሩ የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የሐዲስ ሊቁ ኢማም ነወዊም ክልከላው ቅርጽንም ሆነ ጠፍጣፋ ሥዕልን እንደሚያጠቃልል አስረድተዋል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሠዓሊው ነው፤ ሥራው የታሰበው ከትላልቆቹ ደረሶች (ተማሪዎች) ለአንዱ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው በቅድሚያ የሚያገኘው ብሩሹን የያዘውን ልጅ ነው። ሥዕል እየሠራ የሚተዳደር ሰው የነቢዩን ባልደረባ ኢብኑ ዓባስን በጠየቃቸው ጊዜ፣ መተው ካልቻለ ዛፍንና ሩሕ (ነፍስ) የሌለውን እንዲሥል ነገሩት። ይህ ለእኛ ጠባብ አይደለም፤ ለሲን (ሰፊና) የጣናን የደንገል ታንኳ፣ ለሺን (ሸጀራ) ዋርካን፣ ለኑን (ነኽላ) ዘንባባን መሣል እንችላለን።

ወላጇ፦ ኡስታዝ፣ ሐዲሱን አልክድም፤ ነገር ግን ታሪኩ መጋረጃው በመቀደዱ አያበቃም፤ ዓኢሻ ጨርቁን ትራስ አደረጉት፣ ብዙ ዑለሞችም (የሃይማኖት ሊቃውንት) ከዚህ ተነሥተው በክብር የተሰቀለውን ከመገልገያ ዕቃው ለይተዋል። ከማሊኪ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ዘርፍ) ዑለሞች ብዙዎቹ ጠፍጣፋውን ሥዕል ሐራም (ክልክል) ሳይሆን መክሩህ (የተጠላ ግን ያልተከለከለ) ይሉታል። ስለ ልጆች ደግሞ ራሱን የቻለ ማስረጃ አለን። ሌላው የሐዲስ ሰብሳቢ አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ከዓኢሻ አሻንጉሊቶች መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ፈረስ ክንፍ አለውን ብለው ሲጠይቁ፣ ዓኢሻ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብለው መለሱ፤ ነቢዩም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ያንን ሳቅ ከክርክራችን ልናስወጣው አይገባም። ጂም፣ ሓና ኻ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ ትንሽ ልጅ ጂምን የምትይዘው ግመሉን ስታይ ነው።

ኡስታዙ፦ አሻንጉሊት የሚጣልና የሚነሣ ነው፤ ግድግዳ ግን እንደዚያ አይደለም። ክፍሉ የዐስር (የከሰዓት በኋላ) ሶላት የሚሰገድበት መሆኑንም አይርሱ እህቴ፤ ነቢዩ የዓኢሻ መጋረጃ ሥዕሎች በሶላታቸው ላይ ስለሚመጡባቸው እንዲነሣላቸው ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። በወረቀት ታትሞ ከትምህርት በኋላ የሚጠቀለል ከሆነ፣ ዑለሞች በተለያዩበት ጉዳይ አልጨቃጨቅም፤ ግድግዳው ላይ መሣሉን ግን አልቀበልም።

ወላጇ፦ ይህ ሐዲስ የቂብላውን (ሰጋጁ ፊቱን የሚያዞርበትን አቅጣጫ) ግድግዳ ባዶ እንድንተው ያስገድደናል፤ በዚህ እስማማለሁ። የቀሩት ሦስቱ ግን ከሰጋጁ ፊት ስለማይቆሙ፣ በዚሁ ሐዲስ ብቻ ሊከለከሉ አይችሉም።