ሳይጨቃጨቁበት የተሠራ መንገድ

ሳን ፍራንሲስኮ ታክሲ ስነዳ ከጎልደን ጌት ፓርክ ጋር ተቀያይሜ ነበር። በፈረንጆች 2012 የፓርኩ ዋና መንገድ፣ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ድራይቭ፣ የብስክሌት መስመር ወጣለት። መስመሩን ከጠርዙ አስጠግተው የመኪና ማቆሚያውን ወደ መሀል ገፉት፤ የቆመው መኪና ለብስክሌተኛው አጥር ይሆነዋል ማለት ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ችግሩ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ዴ ያንግ ሙዚየም የማደርሳቸው አሮጊቶች በቀኝ በር ወርደው ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ብስክሌት መንገድ ውስጥ መግባታቸው ነው። ደወል በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድው ይል ነበር።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ መንገዱ ጭራሽ ለመኪና ተዘጋ። ርዝመቱ 2.4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለዚያች ሲሉ ያልተባባሉት የለም። ሙዚየሙ «ጎብኚዎቼ በምን ይምጡ?» አለ። አካል ጉዳተኞች «እኛስ?» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሙዚየሙ አጠገብ 800 ያህል መኪና የሚይዝ የምድር ቤት ማቆሚያ እያለ ምን ጎደላችሁ ብለው ተቆጡ። በ2022 ኅዳር ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበትና መኪና ተሸነፈ። እኔም አብሬ ተሸነፍኩ። ሥራ የፈቱ ሰዎች ስል ነበር የከረምኩት።

ባለፈው አዲስ አበባ ስገባ ከቦሌ ወደ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን የብስክሌት መንገድ አየሁ። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ያማረ ሥራ ነው ብል አላፍርም። ግን ግማሽ ሰዓት ቆሜ ያየሁት ብስክሌት ሦስት ነው፤ የቀረው እግረኛ። የአክስቴን ልጅ «ሲሠራ ሰዉ ምን አለ?» አልኩት።

«ምን ይላል? መሠራቱን ያወቅነው ሲሠራ ነው» አለኝ።

ብስክሌት የምታውቀው ያደግሁባት ባሕር ዳር ናት። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ገበያተኛው፣ ሁሉም በዘንባባው ሥር ይነዳል፤ ያውም ለመዝናናት ሳይሆን ሥራው ለመድረስ። ባጃጅ ሲበዛ ግን ዳር ተገፋ።

አጎቴ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዛሬም ይነዳሉ። «ጋሼ፣ መስመር እንሥራልዎት ቢሉዎት የት ይሁን ይላሉ?» አልኳቸው። አፍታም አላሰቡም።

«ባጃጅ ሰው ከሚያወርድበት ወዲያ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አሉኝ።

አሮጊቶቼ ትዝ አሉኝ።