የስልክ መስመር ቁጥር የሰው ቁጥር አይደለም

ከላይ በተሰጡ አስተያየቶች ውስጥ አንድ ሐሳብ እየተደጋገመ ነው፦ አንድ የጀርመን የቤተሰብ ስም በስርጭት ካርታ (ስሙ በየትኛው አካባቢ ምን ያህል እንደሚገኝ በሚያሳይ ካርታ) ላይ 40 ተብሎ ከሰፈረ በመላው አገሪቱ 40 ሰዎች ብቻ ይጠሩበታል፣ ስሙም ሊጠፋ ተቃርቧል የሚል። ከአክብሮት ጋር፣ ይህ ትክክል አይደለም።

እንዲህ ያሉ ካርታዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከስልክ መዝገብ ነው። ትልቁ የጀርመን የቤተሰብ ስሞች አትላስ እንኳ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2005 በነበሩ የጀርመኑ የስልክ ኩባንያ የዶይቸ ቴሌኮም መደበኛ የስልክ መስመሮች ላይ ነው። በአንድ ቤት ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ቢኖሩ መስመሩ የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ በአንዳቸው ስም ነው። ሞባይል ብቻ የሚይዝ ሰውማ ጭራሹኑ አይቆጠርም። ስለዚህ 40 መስመር ከመቶ በላይ ሰው ሊሆን ይችላል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ከካርታው ግርጌ ያለችውን፣ ማንም የማያነባትን ደቃቅ ጽሑፍ ይመልከቱ፤ የመረጃው ምንጭና ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይጻፋሉ። ምንጩ የስልክ መዝገብ ከሆነ የተቆጠረው መስመር ነው። ይህን ሳያዩ የቤተሰብ ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች «ከ40ዎቹ መካከል ዘመዴ የለም» ብለው ፍለጋውን ያቆማሉ፤ የሚፈልጉት ሰው ግን በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ መስመር ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል።