ልጅ ታቅፎ ጃምቦ ማንሳት ይቅር

የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬ፣ የየካ አባዶና የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ሆይ፣ ቅዳሜ ማታ ከድራፍት ቤታችሁ ደጃፍ ቁሙና እስቲ ቁጠሩ። የአርሰናል ማሊያ የለበሰ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት የማይነካ ስንት ልጅ አለ? አባቱ ጉልበት ላይ ሆኖ አፍንጫው ከጃምቦው አፍ ጋር ትክክል ነው። ጎል ሲገባ ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል፤ እሱ ግን ከጠረጴዛው ጠርዝና ከሰው ክርን መሀል ይቀረቀራል። «ኳስ ነው የሚያየው፣ ምን አለበት?» ትላላችሁ። ኳስማ ይይ። ያስገባችሁት ቤት ግን የኳስ ቤት ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሰው በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስንም እንዲሁ፤ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም ክልክል ነው። እናንተ «የገዛሁት ለራሴ ነው» ብላችሁ «አረፋዋን ብቻ ቅመስ» ትሉታላችሁ። ልጁ ፊቱን ሲያጨማድድ ጠረጴዛው ይስቃል፤ ሳቁ ስለጣመው ደግሞ ይደግማል። ጠርሙስ እያነሳ የሚላላክ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ የባሰ ነው፤ ከጓሮ ሙጣጩን የሚጨልጠውን ማንም አያየውም።

ሒሳቡን እንሥራው። 33 ሳንቲ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሩቡን ብቻ ቢጠጣ፣ ለኪሎው ሲሰላ 70 ኪሎ የሚመዝን አባቱ ሙሉውን ጠርሙስ ከጠጣው ይበልጣል። ስካሩ ብቻም አይደለም። የልጅ ጉበት የሚያጠራቅመው ስኳር ጥቂት ነው፤ አልኮል ሲገባ ደግሞ አዲስ ስኳር መሥራት ያቅተዋል። ምሳውን በቅጡ ያልበላ ልጅ የደሙ ስኳር ወርዶ ያልበዋል፣ ይፈዛል፣ ሲብስም ይንቀጠቀጣል። «ደክሞት ተኛ» ብላችሁ ትከሻችሁ ላይ ጥላችሁት የምትሄዱት ልጅ እንቅልፍ ላይሆን ይችላል የወሰደው። ጠጥቶ የፈዘዘ ልጅ «ተኝቶ ይለፍለት» አይባልም፤ እንዲያስመልስ ጣት ጉሮሮው ውስጥ አይከተትም። ነቅቶ በደንብ የሚውጥ ከሆነ ጣፋጭ ነገር ስጡት፤ ካልነቃ በጎኑ አስተኙትና ጨዋታው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

ድምፁንስ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ጓደኛችሁን ሳትጮኹ ማናገር ካቃታችሁ ቤቱ 85 ዴሲቤል ገደማ ደርሷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው 75 ዴሲቤልን በሳምንት ከ40 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 90 ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል፤ አንድ ጨዋታ እንኳ አያስጨርስም። የቆርቆሮ ጣሪያና የብሎኬት ግድግዳ ድምፅ አይውጥም፤ መልሶ ይወረውራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ከጓሮ በር ሥር ይነሣል። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ልጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከሁላችሁም ቀድሞ ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው እሱ ነው፤ እናንተ የበላው ለውዝ ነው ትላላችሁ።

የምታዩት ኳስ ባለቤቶች ምን እንደሚያደርጉም እወቁ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ መሠረት በትልልቆቹ ሊጎች ስታዲየሞች ሜዳው ከሚታይበት መቀመጫ ላይ ሆኖ አልኮል መጠጣት ክልክል ነው። ለንደን ያለው የአርሰናል ደጋፊ ቢራውን የሚጠጣው ሜዳው ከማይታይበት ከመቀመጫው ኋላ ነው፤ ሲጨርስ ወደ ልጁ ይመለሳል። የቱሉ ዲምቱው ደጋፊ ግን ሁለቱንም አንድ ጉልበት ላይ ያደርጋል። (ማሊያውን ተሻምተን ስንገዛ ይህኛውን ማን አስታወሰ!)

ልጆቹን ቤት ቆልፉባቸው አላልንም። ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በአጥር እየተከለለ፣ በብሎክ እየተሞላ ያለቀባቸው እነሱ ናቸው፤ በቴሌቪዥን ማየቱንም ብንነፍጋቸው ግፍ ነው። ሰዓት ምረጡላቸው ነው የምንለው። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ከሚመልሱበት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛ 9፡30 ይጀምራል፤ የመካከለኛው 12 ሰዓት፣ የመጨረሻው ምሽት 2፡30። ማክሰኞና ረቡዕ የሻምፒዮንስ ሊጉ ሌሊት 5 ሰዓት ጀምሮ 7 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ልጁ በማግሥቱ ጠዋት ደብተር ይጠብቀዋል። በ9፡30 ብዙው ሰው ገና የመጀመሪያውን ጃምቦ ነው የሚያዘው። በ2፡30 ያው ሰው አምስተኛው ላይ ነው፣ የቆረጠው የውርርድ ትኬት ተበልቷል፣ ዳኛውን በእናቱ እየሰደበ ነው። ቤቱ ያው፣ ወንበሩም ያው ሆኖ ሰዎቹ ግን ሌሎች ናቸው።

እንግዲህ ባለ ቤቶች፣ የ9፡30ውን ጨዋታ ለልጆች ስጡ። እስኪያልቅ ድራፍት አይቀዳ፤ ማኪያቶ፣ ለስላሳና ቆሎ ሽጡ። ሁለቱም በሮች ይከፈቱ፣ መተላለፊያው ላይ ሳጥን አይደርደር። ስፒከሩን ሰው ሳይጮኽ እስኪነጋገር ዝቅ አድርጉት። ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ የጭስ ማውጫውም ወደ ቤቱ አይዙር። «ገበያ ይቀርብኛል» የሚል ካለ፣ በዚያ ሰዓት ስንት ወንበር ባዶ እንደሚውል ራሱ ቆጥሮ ይንገረን። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም ኮሙናሉን፣ የጋራ መገልገያ ቤቱን፣ ለድግስና ለለቅሶ ብቻ አታስቡት፤ አንድ ቴሌቪዥን ይችላል።

በ2፡30 ልጅ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። አስተናጋጇ ትናገረው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ኑሮዋ በቲፕ ነው፣ ደንበኛ አታስቀይምም። አጠገቡ የተቀመጣችሁ ንገሩት፤ በሰው ፊት ሳታዋርዱት፣ ጠጋ ብላችሁ «ወንድሜ፣ ልጁን አድርሰህ ተመለስ፤ ወንበርህን እንይዝልሃለን» በሉት። ወንበሩንም ያዙለት።