ክርክር፦ የአንድ አገር ተቆጣጣሪ የሌሎችን በረራ መመዘን ይገባዋል?

ጥያቄው እንዲህ ነው። የአንድ መንግሥት የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራው በራሱ ድንበር ያበቃል? ወይስ የሌሎችን አገራት የበረራ ደህንነት መፈተሽ፣ ማሠልጠን፣ ሲያስፈልግም መቅጣት ይችላል? ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሳው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ነው። በአጭሩ ኤፍኤኤ ይሉታል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አየር መንገዶቻቸው ወደ አሜሪካ የሚበሩ አገራትን በሁለት ምድብ ይከፍላል። ምድብ አንድ የገባ አገር ዓለም አቀፉን መስፈርት ያሟላ ተቆጣጣሪ አለው ማለት ነው። ምድብ ሁለት የወረደ አገር አየር መንገዶች የነበራቸውን በረራ ይቀጥላሉ። አዲስ በረራ መጨመር ግን አይፈቀድላቸውም። የአሜሪካ አየር መንገዶችም በእነዚያ በረራዎች ላይ በራሳቸው ስም ትኬት መሸጥ አይችሉም።

ሁለት ጸሐፊዎች በጉዳዩ ተከራክረዋል። አንደኛዋ ይደግፋሉ፣ ሌላው ይቃወማሉ። ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊዋ፦

ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ እንመልከት። ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ወደ ኒውዮርክ እየሄደ ነበር። አየሩ መጥፎ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆየ። አንዴ ለማረፍ ሞክሮ አልሆነለትም። ሁለተኛውን ሙከራ ሳያደርግ ነዳጁ አለቀና ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ መጣ። ወደ እኛ የሚመጣውን የውጭ አየር መንገድ የሚቆጣጠረው ማነው? መልሱ በ1944 የቺካጎ ስምምነት ውስጥ አለ። የሚቆጣጠረው የራሱ አገር ነው። በአንቀጽ 33 መሠረት አገራት አንዱ ለአብራሪ ወይም ለአውሮፕላን የሰጠውን ፈቃድ ሌላው ይቀበላል። ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ፈቃዱ የተሰጠበት መስፈርት በስምምነቱ መሠረት ከተቀመጠው ዝቅተኛ ዓለም አቀፍ መስፈርት እኩል ወይም በላይ መሆን አለበት። እንግዲህ ይህን ሳያዩ እንዴት ያውቁታል?

ብዙ ሰው ኤፍኤኤ የሰው አገር ሄዶ የአውሮፕላን ሞተር የሚፈታ ይመስለዋል። አይደለም። የሚፈትሸው ተቆጣጣሪውን ነው። ቡድኑ የአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ቢሮ ገብቶ ፋይል ያስወጣል። ሕጉ ለተቆጣጣሪው አውሮፕላን የማገድ ሥልጣን ይሰጠዋል? ለአንድ አብራሪ የብቃት ፈተና ሰጥቶ የፈረመው ሰው ራሱ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ሠልጥኗል? ባለፈው ምርመራ ጉድለት ተጽፎ ከሆነ ማን ተከታተለው? በምን ቀን ተዘጋ? ጉድለቱ ተመዝግቦ መፍትሔው ካልተመዘገበ ያንን አየር መንገድ ዞር ብሎ ያየው የለም ማለት ነው። ይሄ ለተሳፋሪው ከሞተሩ ያላነሰ አደጋ ነው። ተሳፋሪው ደግሞ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ተቃዋሚው፦

ፈተናው አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፣ እህቴ። ጥያቄዬ ፈታኙ ማን ይሁን ነው። 193 አባል አገራት ያሉት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞንትሪያል የሆነ ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አለን። ኢካኦ ማለቴ ነው። መስፈርቱን ያወጣው እሱ ነው። ከ1999 ጀምሮ እያንዳንዱን አባል አገር የሚመረምርበት አሠራርም አለው። የጋራ መርማሪ እያለ አንድ መንግሥት ለብቻው ከሳሽም ዳኛም የሚሆነው ለምንድን ነው?

የታይላንድን ጉዳይ ይመልከቱ። ኢካኦ በ2015 በታይላንድ ቁጥጥር ላይ ከባድ ጉድለት አገኘና ቀይ ምልክት አደረገባት። በዚያው ዓመት ኤፍኤኤም ወደ ምድብ ሁለት አወረዳት። ታይላንድ የቀድሞውን መሥሪያ ቤት አፍርሳ በአዲስ ተካችው። ኢካኦ በኦክቶበር 2017 ቀዩን ምልክት አነሳ። ኤፍኤኤ ወደ ምድብ አንድ የመለሳት መቼ ነው? በ2025። በመሀል ለነበሩት ዓመታት ሁለት ሚዛን፣ ሁለት ውጤት ነበር።

የሜክሲኮ ደግሞ ይብሳል። ከሜይ 2021 እስከ ሴፕቴምበር 2023 ምድብ ሁለት ውስጥ ቆየች። የሜክሲኮ አየር መንገዶች ወደ አሜሪካ አንድ አዲስ በረራ መጨመር አልቻሉም። በዚያው ሰማይ፣ በዚያው መስመር፣ የአሜሪካ አየር መንገዶች ግን እንደልባቸው መጨመር ይችሉ ነበር። ሆን ተብሎ ነው አልልም። ግን የቅጣቱ ትርፍ ለፈታኙ አገር ነጋዴ የሚገባ ከሆነ፣ ፈተናው ንጹሕ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

ደጋፊዋ፦

ኢካኦ ይመረምራል፣ ልክ ነው። ግን ጥርስ የለውም። በረራ ማገድ አይችልም፤ የመስመር ፈቃድ ሰጪም ከልካይም አይደለም። ሪፖርት ጽፎ እርምጃውን ለአባል አገራት ይተዋል። አባል አገራት እርምጃ ካልወሰዱ ሪፖርቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሕንድን ልጥቀስልዎ። በጃንዋሪ 2014 ምድብ ሁለት ወረደች። ትልቁ ችግር በቋሚነት የሚሠሩ የበረራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች እጥረት ነበር። ችግሩ ለዓመታት የታወቀ ነው። ምድቡ በወረደ ማግስት ግን መንግሥት ተቆጣጣሪ መቅጠርና ማሠልጠን ጀመረ። በኤፕሪል 2015 ወደ ምድብ አንድ ተመለሰች። ለዓመታት የተንከባለለ ጉዳይ አንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ መስመር ያዘ።

ደግሞ አሜሪካ ብቻዋን አይደለችም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ጀምሮ ወደ ግዛቱ እንዳይበሩ የከለከላቸውን አየር መንገዶች ስም ዘርዝሮ ያወጣል። በ2007 የኢንዶኔዢያ አየር መንገዶች በሙሉ ታገዱ። አገሪቱ ቁጥጥሯን እያሻሻለች ስትሄድ ከ2009 ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ተለቀቁ። የመጨረሻዎቹ በ2018 ወጡ። ይሄ ፖለቲካ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደረጃ በደረጃ አይፈታም ነበር።

ተቃዋሚው፦

ኢንዶኔዢያን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። እኔም ወደዚያው ልሄድ ነበር።

በ2016 የአውሮፓ ኅብረት የኢንዶኔዢያውን አየር መንገድ ላየን ኤርን ከእገዳው አወጣው። በዚያው ዓመት ኤፍኤኤ ኢንዶኔዢያን ወደ ምድብ አንድ መለሳት። ተማሪዋ ፈተናውን አለፈች ማለት ነው። በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ጃካርታ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑን ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የመሰከረው ማን ነበር? ፈታኙ ራሱ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ማክስ ላይ ኤምካስ የሚባል ሥርዓት ነበር። አብራሪው ሳያዝዘው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋል። ይህን የሚያደርገው ከአንድ ሴንሰር በሚመጣ መረጃ ብቻ ነው። ሁለት ሴንሰር እያለ አንዱን ብቻ ያምናል! አብራሪዎች ስለ ኤምካስ በመመሪያቸው ውስጥ አልተነገራቸውም። በላየን ኤሩ አውሮፕላን ላይ የተሳሳተ ቁጥር የላከው ሴንሰር ደግሞ የተጠገነው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኤፍኤኤ ራሱ ፈቃድ በሰጠው የጥገና ድርጅት ነው። መርማሪዎች ሴንሰሩ በትክክል እንዳልተስተካከለ ደርሰውበታል።

ከአደጋው በኋላ ኤፍኤኤ ለዓለም ሁሉ አስቸኳይ መመሪያ ላከ። እንዲህ ሲገጥማችሁ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የኤሌክትሪክ ማስተካከያ አጥፉት፣ ከዚያ ማስተካከያውን በእጅ አዙሩት የሚል። የራሱ የውስጥ ግምገማ ግን ሥርዓቱ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኑ ዕድሜ ውስጥ 15 ያህል ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ያሳይ ነበር። አውሮፕላኑ አልታገደም።

ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ ተነሳ። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ እንደሚለው አብራሪዎቹ ማጥፊያውን አጥፍተዋል። በእጅ ለማዞርም ሞክረዋል። አልዞር አላቸው። ስድስት ደቂቃ ገደማ በረረ። 157 ሰዎች ሞቱ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። መመሪያው ከዋሽንግተን መጣ፣ ሕይወት ግን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ጠፋ።

በማግስቱ ቻይና አውሮፕላኑን አገደች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የራሱን ማክሶች ማቆሙን አስታወቀ። በዚያው ቀን ኤፍኤኤ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን ለዓለም አሳወቀ። አውሮፓ ማርች 12 ቀን አገደች። ኤፍኤኤ ያገደው ማርች 13 ቀን ነው። ታዲያ በዚያ ሳምንት የዓለምን ተሳፋሪ የጠበቀው የትኛው ተቆጣጣሪ ነበር?

ደጋፊዋ፦

እነዚህን ሰዎች አንስቶ በችኮላ መመለስ አይገባም። ኤፍኤኤ በማክስ ጉዳይ ወድቋል። የምስክርነቱን ሥራ ከልክ በላይ ለአምራቹ ሠራተኞች አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስም ይህንኑ አምኖ በዲሴምበር 2020 ሕጉን አጥብቋል።

ወንድሜ ግን ከዚህ ተነስተው በደረሱበት መደምደሚያ አልስማማም። እርስዎ አንድ ተቆጣጣሪ ስለወደቀ ድንበር ተሻግሮ መመርመር ይቁም ይላሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። የማክስ ችግር የሌሎች አገራት ተቆጣጣሪዎች ከመጠን በላይ መመርመራቸው አልነበረም። አለመመርመራቸው ነበር። ዋሽንግተን ከመሰከረ በቃ ብለው ተቀበሉ። ማርች 11 ላይ ቻይና ያደረገችው የአሜሪካን ምስክርነት አልቀበልም ማለት ነው። ይሄ እኮ እኔ የምደግፈው ነገር ነው! አውሮፓም ማክስን መልሳ የፈቀደችው የራሷን ፍተሻ ካደረገች በኋላ፣ ኤፍኤኤ ከፈቀደ ሁለት ወር ገደማ ቆይታ ነው።

በላየን ኤርም ቢሆን ጥፋቱ የአንድ ወገን አይደለም። የአደጋው የምርመራ ሪፖርት የአየር መንገዱን ጥገናም ወቅሷል። አውሮፕላኑ ከአንድ ቀን በፊት በነበረው በረራ ላይ ያንኑ ችግር አሳይቶ ነበር። ችግሩ ሳይፈታ ነው እንደገና የበረረው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለማስቆም የሚችለው እዚያው ያለ ጠንካራ ተቆጣጣሪ ነው፤ የምድቡ ፈተና የሚፈትሸውም ይሄንኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍኤኤ በ1958 ሲቋቋም ደህንነትን መጠበቅም፣ አቪዬሽንን ማስፋፋትም ሥራው ነበር። በሜይ 1996 የቫሉጄት በረራ 592 ፍሎሪዳ ውስጥ ወድቆ 110 ሰዎች ሲሞቱ፣ ኮንግረስ የማስፋፋቱን ኃላፊነት አነሳለት። ተቆጣጣሪም ይታረማል ለማለት ነው።

ተቃዋሚው፦

ይታረማል፣ ግን ማን ያርመዋል? በ2019 የማክስን የምስክርነት ሂደት የመረመረ ዓለም አቀፍ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ዘጠኝ የውጭ ተቆጣጣሪዎች ተሳትፈዋል። ኢንዶኔዢያ ነበረችበት። ቻይና፣ ብራዚል፣ ሲንጋፖር ነበሩበት። 157 ሰዎች በምድሯ የሞቱባት ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። ሁሉም ድንበር ተሻግሮ ይመርምር ማለት በወረቀት ላይ ያምራል። የመመርመር አቅምና ወንበር ግን ያለው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡና ጉልበቱ ወደ አቅም ግንባታ ይሂድ። ብዙ አገራት ውስጥ አንድ ጎበዝ ተቆጣጣሪ በመንግሥት ደሞዝ ሠልጥኖ ሲያበቃ አየር መንገድ እጥፍ ከፍሎ ይወስደዋል። ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ከዚያ ፈታኝ መጥቶ ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ ምድብ ያወርዳል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገራት ግን ከ2007 ጀምሮ የጋራ የደህንነት ቁጥጥር ኤጀንሲ አላቸው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ነው። ባለሙያ ይዋዋሳሉ። አንዱ አገር ብቻውን ሊቀጥረው የማይችለውን ሰው አብረው ይጠቀሙበታል። አሜሪካም በ1998 ለአፍሪካ ሰማይ ደህንነት ብላ የሥልጠና ፕሮግራም ጀምራ ነበር። ይህንን ነው መቀጠል የነበረባት።

ምድቡ ይቀጥላል ካሉ ደግሞ ቢያንስ ምክንያቱ ይታወቅ። ኤፍኤኤ ይፋ የሚያወጣው አገሩ ምድብ አንድ ወይም ሁለት መሆኑን እንጂ የግምገማውን ሙሉ ዝርዝር አይደለም። የተፈረደበት አገር ሕዝብ በምን እንደተፈረደበት ማንበብ አለበት።

ደጋፊዋ፦

ዝርዝሩ ይታተም በሚለው ከእርስዎ ጋር ነኝ። የኢንቴቤው ዓይነት ሥራ ይስፋ በሚለውም። በኢትዮጵያ ወንበር ጉዳይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አደጋው የደረሰባት አገር ከምርመራው ጠረጴዛ መቅረት አልነበረባትም።

ምድቡን ግን አንሱት ካሉኝ እምቢ እላለሁ። ሥልጠና ብቻውን ያንን ባዶ ወንበር አይሞላውም። ወንበሩን የሚሞላው በጀት ነው። በጀት የሚፈቅደው ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትሩ ነው እንጂ የአቪዬሽን ባለሙያው አይደለም። ባለሙያው በየዓመቱ የተቆጣጣሪዎች ደሞዝ ይጨመር ብሎ ይጽፋል። በየዓመቱ ሌላ የሚያስቸኩል ነገር ይቀድመዋል። ምድብ ሁለት ስንወርድ አየር መንገዳችን ይህን ያህል ገቢ ያጣል ብሎ ሲጽፍ ግን ደብዳቤው ይነበባል። እርስዎ ከፈለጉት ጠንካራ የአገር ውስጥ ተቆጣጣሪ ጋር ከዚህ የበለጠ የሚያደርሰውን መንገድ ካሳዩኝ እቀበላለሁ።