ምን ወስዶ ነው?

እሑድ ከምሳ በኋላ ፒያሳ፣ አገር ፍቅር ቴአትር ቤት ገብቼ ኮሜዲ አየሁ። የደረሰኝ ፊት ረድፍ ነበር። ፊት ረድፍ ማለት ላብ የሚደርስበት ወንበር መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ተዋናዩ ደላላ ሆኖ ይጫወታል። አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይ ያከራይና ሦስቱም በአንድ ቀን ቀብድ ይዘው ከተፍ ይሉበታል። አንዱን አልጋ ሥር፣ አንዷን መጋረጃ ጀርባ ሸጉጦ፣ ለሦስተኛው «ቤቱ ጸጥታው ለመነኩሴ ነው!» እያለ ይምላል። በመሀል ከሶፋው ወድቆ፣ ተንከባሎ እስኪነሣ ድረስ እንኳ ከኮሚሽኑ አምስት ሳንቲም አልቀነሰም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። አንዲት የላብ ጠብታ በርራ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ኧረ በስመ አብ፣ ይሄ ልጅ ይሞትብናል!» እያሉ የሳቅ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ሳቁ ግን ከበሩ አላለፈም። ለመውጣት ስንጋፋ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህናውን ሆኖ እንዲህ አይዘልም፤ ምን ወስዶ ነው?» አለ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ደላላውን ያነሣ የለም። ቡና ልንጠጣ ቁልቁል ወርደን እስክንቀመጥ ድረስ «ወስዷል ወይ?» የሚለው ቀርቶ ክርክሩ «የቱን?» ላይ ደርሷል።

አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጣሊያን ሊመጣ ነው ተብሎ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር። ዘጠና ዓመት ሲቀሰቅሰን ኖሮ፣ ዛሬ ቀስቃሹ ራሱ ትንሽ በዛ አድርጎ ቢቀሰቀስ ምርመራ ከፈትንበት።

ጠረጴዛችን ላይ የበርጫ ሊቅ አለን። እሱ ወዲያው ፈረደ፦ «ጫት አይደለም። ጫት መጀመሪያ ያስለፈልፍሃል፤ ምርቃናው ሲመጣ ግን ቁጭ ብለህ ሕንፃ ትገነባለህ እንጂ ከሶፋ አትወድቅም። እኔ እዚሁ አራዳ ላይ ያልሠራሁት ፎቅ አለ? ማታ በጨብሲው መጠጥ አፈርሰዋለሁ እንጂ!» (እውነቱን ነው፤ የ2016ቱ ፈረሳ ፒያሳ ከመድረሱ በፊት እሱ ሁሉንም አፍርሶ ጨርሶ ነበር።) ማንም ሳይጠይቀው ወደ ሳይንሱ ገባ። የሚያነቃቃው ካቲኖን የሚባለው ነገር ቅጠሉ ከተቀነጠበ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይከዳል፤ የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ ነፍሱን ጥሎ የሚከንፈውም ለዚሁ ነው አለን። ተዋናዩን ረስተን ስለ አይሱዙ ሩብ ሰዓት አወራን።

ጡረታ የወጡት መምህራችን ደግሞ ነገሩን ባሕር ማዶ ወሰዱት። «ጆን ቤሉሺን ታውቁታላችሁ? አሜሪካዊ ነው፤ እንዲሁ እንደዚህ ልጅ መድረክ ላይ ሲንከባለል የኖረ ኮሜዲያን። በፈረንጆቹ 1982 ኮኬይንና ሄሮይን አንድ ላይ ወስዶ በ33 ዓመቱ ተቀጨ።» ሁላችንም ዝም አልን። ታሪኩ እውነት ነው፣ ያሳዝናልም። ግን እሱ የሆሊዉድ ገንዘብ ነበረው። የእኛው ተዋናይ በዚያ ደመወዙ ኮኬይን? ማኪያቶውን እንኳ ለሁለት ካልተካፈለ!

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጠዋት በአራት ሰዓት ቢሮው ገብተህ፣ ማህተሙን ተንተርሶ የሚያንኮራፋውን ሠራተኛ «ምን ወስዶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ደክሞት ነው» ተብሎ በሩ ቀስ ተደርጎ ይዘጋለታል። ሰርግ ላይ አንገቷ እስኪነቀል እስክስታ የምትመታውንም «ስታምር!» ብለን እልል እንላለን። ሥራው ላይ የነቃ ሰው ስናይ ግን ሽንት እናስመረምር እንላለን።

ይህን ሁሉ በልቤ ብይዘው ኖሮ ደህና ነበርኩ። ተነሣሁ። «ደላላ እኮ ነው የሚጫወተው! ከካዛንቺስ አራት ኪሎ ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ደላላ ምን ወሰደ ይባላል? ኮሚሽን!» አልኩ። ስላልገባቸው ማሳየት ጀመርኩ። መምህሩን መጋረጃ አደረግኳቸው። ከጠረጴዛው ሥር ሾልኬ ወጣሁ። ሦስተኛው ተከራይ ጋ ስደርስ ድምፄ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር። የሶፋው ቦታ ሲደርስ ሶፋ ስላልነበረ ከወንበር ወደቅሁ፤ ብርጭቆ አብሮኝ ወረደ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል።

አስተናጋጁ ብርጭቆውን እየለቀመ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ወስደው ነው?» አለኝ።

«ሁለት ማኪያቶ! አንተው አይደለህ እንዴ ያመጣኸው?»

የሳቀ የለም። የበርጫው ሊቅ ጠጋ ብሎ ዓይኔን መረመረና ለመምህሩ ራሱን ነቀነቀላቸው። «ጫትስ አይደለም» አለ።

ታክሲ ይዤ ቤቴ ሳልደርስ ታላቅ እህቴ ደወለች።

«የኔ ጌታ፣ ሰማሁ። አልቆጣህም። ነገ ማልደን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል እንወጣለን።»

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ቴአትር እኮ ነው ያሳየኋቸው!»

«እሺ፣ እሺ፣ ቴአትር ነው። ብቻ ባዶ ሆድህን ና። ቡናም እንዳትቀምስ።»

«ቡናም?»

«አየህ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች።