አናርኪስት ማለት ሥርዓት አልበኛ ማለት አይደለም
አንድ ጸሐፊ «አናርኪዝም የሶሻሊዝም ጠላት ነው» ያሉት አልተዋጠልኝም። አናርኪዝም፣ ማለትም ሰዎች ያለ መንግሥት ራሳቸውን ማስተዳደር ይችላሉ የሚለው አስተሳሰብ፣ እና ሶሻሊዝም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ማርክስና አናርኪስቱ ባኩኒን አንደኛው ኢንተርናሽናል በተባለው ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ማኅበር ውስጥ አብረው ነበሩ፤ ባኩኒን የተባረረው እ.ኤ.አ. በ1872 ሄግ ላይ ነው። ካፒታሊዝምን በመጥላት አንድ ነበሩ። የተጣሉት በመንግሥት ጉዳይ ነው። ማርክስ ሠራተኛው ሥልጣን ይያዝ ሲል፣ ባኩኒን ያው ሥልጣን ተመልሶ ሠራተኛውን ይረግጠዋል ብሎ ሰጋ። እ.ኤ.አ. በ1936 የባርሴሎና አናርኪስት የትራም ሠራተኞች ድርጅቱን ተረክበው፣ ትራሞቹን በአናርኪስቶቹ ቀለም ቀይና ጥቁር ቀብተው በራሳቸው ኮሚቴ ሲያስኬዱ ከተማው ሥርዓት አልበኛ አልሆነም። እኛ አገር ቃሉን ያበላሸው ደርግ ነው። ልጅ ሆኜ ሬዲዮው «አናርኪስት» እያለ የሚያወግዘው ኢሕአፓን ነበር። ኢሕአፓ እኮ ያኔ ማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ ነበር! እናቴ እስከ ዛሬ ቃሉን ስትሰማ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።